በሌሉ ቤቶች የተገኘ ዛጎል

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው፤ አንዲት ነገር ጨምሬ ከሆነ ምላሴን ይቁረጠው። የሆነው ሮድ አይላንድ ውስጥ ነው። ግዛቲቱ ከትንሽነቷ የተነሳ ግማሽ ሰዓት የሚያስነዳ መንገድ ስንቅ ያስቋጥራል። የመሠረቷት ደግሞ ከጎረቤት ግዛት በአመላቸው የተባረሩ ሰዎች ናቸውና እስከ ዛሬ ሁለት ሰው በአንድ ነገር አይስማማባትም።

ጊል ፉርታዶ ከጀልባው ላይ ሆኖ በረጅም ባለጥርስ መቧጠጫ ከባሕር ወለል ሥጋው የሚበላ ዛጎል እየለቀመ የሚተዳደር ሰው ነበር። ከአባቱ ከወረሰው ንብረት ሁሉ ግን የሚኮራው በአንድ መንሽ ነው። በየበጋው የመንደሩ ሰው ባሕር ዳር ጉድጓድ ቆፍሮ ድንጋይ ያግላል፤ በድንጋዩ ላይ የባሕር አረም፣ በአረሙ ላይ ዛጎልና በቆሎ ደርድሮ በሸራ ከድኖ ያበስላል። አረሙን በመንሽ የሚበትነው የድግሱ አለቃ ነው። የጊል አባት ሠላሳ አንድ ዓመት አለቃ ሆነው ኖረው ሞቱ። ጊል ግን ከተተካ ጀምሮ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰዉን አሸዋ አበላው፤ ባለፈው በጋማ የፀጉር አስተካካዩ ሰው ሠራሽ ጥርስ ለሁለት ተከፈለ።

ቪልማ ብሬይተን የምትባለው ጡረተኛ የፖስታ ቤት ሠራተኛ መንሹ ለእኔ ይገባል ብላ በስብሰባ ተነሣች። ጊል ደሙ ፈላ። ቅዳሜ ባሕሩ ሸሽቶ እስኪመለስ፣ አባቴ ብቻ ከሚያውቁት ቦታ ሁለት ጆንያ ትልልቅ ዛጎል ካላመጣሁ መንሹን ውሰጂው ብሎ ፎከረ።

«ጆንያ አለህ ወይስ እሱንም እኔው ላምጣልህ?» አለችው ቪልማ።

ጊል ፎክሮ ቤቱ ገባና የአባቱን ወረቀት ከመሳቢያ አወጣ። ሽማግሌው ሊሞቱ ሰሞን በእጃቸው የጻፉት ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ሾጣጣ ማማ ከዳቦ ቤቱ ጭስ ማውጫ ጋር ሲነባበር፣ የእንጨት ፈረሶቹ ድንኳን ደግሞ ከበረዶ ቤቱ ጣሪያ ጋር ሲገጥም፣ እዚያች ላይ መቧጠጫህን ጣል ይላል።

ሐሙስ ዕለት ጀልባውን ገፍቶ ወጣና ወደ የብስ ተመለከተ፤ ወረቀቱንም ገልብጦ አየው። ማማውን ትልቁ አውሎ ነፋስ ከወሰደው ብዙ ዘመን ሆኖታል። ዳቦ ቤቱ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። በረዶ ይከማችበት የነበረው በረዶ ቤት ፈርሶ ባንክ ተሠርቶበታል። እየዞሩ ልጅ የሚያጫውቱት የእንጨት ፈረሶች ከነድንኳናቸው የተቃጠሉት ጊል ገና ጡት ሳይጥል ነው። አባቱ ወረቀቱን ሲጽፉም ከአራቱ አንዱም አልነበረም! ሽማግሌው ግን የሌለውን እያዩ መቅዘፍ ለምደው፣ መፍረሱን ልብ አላሉትም። በዚያ አገር ደግሞ ይህ ነውር አይደለም፤ መንገደኛ መንገድ ቢጠይቅ፣ ድሮ ጫማ ሰፊው ከነበረበት ታጠፍ ይባላል እንጂ የቆመ ቤት ማን ይጠቁመዋል?

ዓርብ ሙሉ ቀን ቧጠጠ። ያገኘው አንድ ቡትስ ጫማና ክዳን የሌለው ድስት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሰዉ የወረቀቱን ወሬ ሰምቶ ጉዱን ሊያይ ባሕር ዳር ተሰበሰበና፣ ዳቦ ቤቱ እዚህ ነበር፣ የለም እዚያ ነበር እያለ ይጨቃጨቅ ጀመር። ጭቅጭቁን የሰማችው የጊል ሚስት ኦዴት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «ያለውን አታዩም፣ የሌለውን ግን አብጠርጥራችሁ ታውቃላችሁ። በሉ እንግዲያው፣ ሂዱና በየቦታው ቁሙ» አለቻቸው።

ሄዱ። ቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ላይ አንድ አንሶላ በረጅም እንጨት ተውለበለበ። እሳት አደጋዎች መሰላላቸውን መኪና ማቆሚያው ላይ ዘረጉና ጫፉ ላይ የዱቄት ከረጢት ሰቀሉ። ፀጉር አስተካካዩ ነጭ ጋዋኑን ለብሶ ባንኩ ጣሪያ ላይ ወጣ። ጊል ከባሕሩ ላይ አንሶላውን ከከረጢቱ ጋር አነባበረ። አንዱ መስመር ተገኘ። በእንጨት ፈረሶቹ ቦታ ግን ሦስት ሰዎች ሦስት ቦታ ቆመው ይሰዳደባሉ፤ ባሕሩም መመለስ ጀምሯል።

የቀረውን ኦዴት ናት በኋላ የነገረችኝ። ቪልማ ጃንጥላዋን ይዛ ስታይ ቆየች። ዝም ብትል መንሹ የእሷ ነው። ግን ሦስቱ ሲሳሳቱ ባየች ቁጥር ፊቷ ይቀላል፣ እግሯ መሬት ይደበድባል። በመጨረሻ ተነሥታ ወደ ግራ አርባ እርምጃ ቆጠረችና ቀይ ጃንጥላዋን ዘረጋች።

«ቪልማ፣ መንሹን እያጣሽው እኮ ነው» አለቻት ኦዴት።

«ልጣው። የትኬት መስኮቱ እዚህ ነበር፤ አምስት በጋ ሙሉ ትኬት እየቆረጥኩ ተቀምጬበታለሁ። እነዚህ ጅሎች ፈረሶቼን ከመንገድ ማዶ ሲያቆሙብኝ ግን ዝም አልልም።»

ጊል ቀዩን ከነጩ ጋዋን ጋር አጋጠመና መቧጠጫውን ጣለ። የወጣው ዛጎል የምግብ ሳህን ያህላል። አንዱማ የመቧጠጫውን ጥርስ ነክሶ ጀልባዋን ከነጊል ሦስት ጊዜ አዞራት። ባሕሩ ተመልሶ ሳያበቃ ሁለቱ ጆንያ ሞልቶ፣ ጊል ጀልባዋ እንዳትሰጥም ወርዶ እየዋኘ ገፋት።

የብስ ሲደርስ መንሹን አነሣ። ሰዉ አጨበጨበ። እሱ ግን ውሃው እየተንጠባጠበ በቀጥታ ቪልማ ፊት ቆመና ምልክቱ የጠፋበት የአባቱ ጉድጓድ ድሮ የት እንደነበር ጠየቃት።

ቪልማ ስትሸከመው የኖረችው ነገር እንደወረደላት ሰው ተነፈሰች። «ሦስት ዓመት ሙሉ አሸዋ ላይ ስትቆፍር ዝም ያልኩት ስላልጠየቅከኝ ነው» አለች፤ ሰባት እርምጃ ወደ ላይ መርታም ጠጠር ያለ ጥቁር መሬት ላይ አቆመችው። ቆፈሩ፤ የጥንቱ አመድ ወጣ። በዚያ ቀን ጊል በመንሹ ሲበትን፣ ቪልማ ከጎኑ ቆማ ወደዚህ፣ ወደዚያ እያለች ስታዝ ዋለች። ማን አለቃ እንደነበር እስከ ዛሬ አልተስማሙም። የማንም ጥርስ ግን አሸዋ አልነካውም።

ምላሴን ስለምወዳት አንዲት ነገር ልናዘዝ፤ ጃንጥላው ቀይ አልነበረም፣ ቡኒ ነበር፤ ከሩቅ እንዲታያችሁ ብዬ ነው። ጀልባ ያዞረው ዛጎል ግን እንዳለ ነው።