ካሴቱ ውስጥ የነበረው ቤት

መቼ ነው የምትመለሰው? ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ጠዋት የሱቁን በር ስከፍት ይህን ሳይጠይቀኝ አይውልም። ክፋት የለውም፤ እንደ ሰላምታ ነው የሚለው። እኔ ግን ስምንት ወር ሙሉ መልስ አላገኘሁለትም። ስመጣ ለሦስት ሳምንት ብዬ ነበር።

የመጣሁት የአባባ ቀኝ ጎን አልታዘዝ ስላላቸው ነው። አባባ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጠጋኝ ናቸው። እኔ ባሕር ማዶ ኮምፒውተር ስማር፣ ኋላም ሳስተምር፣ አሥራ አንድ ዓመት አብሯቸው ሱቁ ውስጥ የቆመው ወንድም ጋሼ ነበር። ቅጥነቱንና ከእጁ የማይለየውን መፍቻ አይተው ደንበኞቹ «ካቻቢቴ» ይሉታል። በገባሁ በማግስቱ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «አሁን ተራው ያንተ ነው» አለኝና ወጣ። ሌላ ከተማ ሥራ መያዙን የሰማነው ከእህታችን ነው። የእኔን ስልክ አያነሳም።

ሱቁ ከዳር እስከ ዳር ሰባት እርምጃ ነው፤ ለክቼዋለሁ። ከኋላው የአባባ መኝታ አለ። ደግፎ የሚያነሳቸው ከሌለ ከአልጋ ስለማይወርዱ፣ እስከ መንገዱ መታጠፊያ እንኳ የምሄደው እየሮጥኩ ነው። በመጣሁ በስድስተኛው ወር የማስተምርበት ትምህርት ቤት ከዚያ ወር መጨረሻ በላይ እንደማይጠብቀኝ ጻፈልኝ።

በዚያው ወር አንድ እሑድ እህቴ የወንድም ጋሼን መልእክት ይዛ መጣች።

«ያ የእጅ ጌም አለ አይደል? ካሴቱ ውስጥ የሠራሁትን ቤት ይላክልኝና ስለ መምጣቱ እንነጋገራለን ብሏል።»

«ሌላስ?»

«ሌላውማ ስድብ ነው። ለራሴ አስቀርቼዋለሁ።»

ጌሙ መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ እንደ ጡብ ወፍራም፣ መስኮቱ አረንጓዴ፣ ልጆች ሳለን ፀጉር የተናጨንበት። ከኋላው የሚሰካው ካሴት ላይ ያለው ጨዋታ ተጫዋቹ በግድግዳና በበር የራሱን ቤት እንዲሠራ ይፈቅዳል፤ ከዚያ አንዲት ጣት የምታክል ሰው ገብታ መውጫ ትፈልጋለች። ወንድም ጋሼ በአንድ ደንበኛና በሌላው መካከል፣ ዓመት ከዓመት፣ ከአርባ በላይ ክፍል ያለው ቤት ሠርቶበታል። እኔ ከመጣሁ ወዲህ ስሞክረው ከሠላሳ አንደኛው ክፍል አልፌ አላውቅም።

ሥራው ለእኔ ቀላል ነበር። በካሴቱ የተቀመጠውን ወደ ላፕቶፕ መቅዳት፣ ከዚያ የድሮውን ጌም አስመስሎ ከሚያጫውት ፕሮግራም፣ ከኢሙሌተር ጋር፣ መላክ። ከሱቁ ቁርጥራጭ ሽቦና ሰሌዳ ማንበቢያ ሠራሁ። መጀመሪያ ሲነበብ የወጣው ዝባዝንኬ ነው፤ የካሴቱ የብረት እግሮች ዝገው ነበር። ከፍቼ ማጽዳት ነበረብኝ።

አባባ ወንበራቸው ላይ ሆነው የካቻቢቴውን ድምፅ ሰሙ።

«ባትሪውን አውጥተሃል?»

ይህ የሱቃችን ሕግ ነው። ምንም ነገር ሲከፈት ባትሪ ሳይወጣ እጅ አይገባም። እኔም ወንድም ጋሼም ይህን ለመማር ብዙ የጣት አንጓ ተመትተናል። ካሴቱ ውስጥ ቁልፍ የምታክል ክብ ባትሪ ተበይዳ ነበር። መበየጃውን አስጠግቼ፣ አላቅቄ፣ መዳፌ ላይ አስቀመጥኳት።

«አውጥቻለሁ አባባ።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የተሠራውን ቤት የምታቆየው እሷ ነበረች። ይህን ለተማሪዎቼ በሥዕል አስረድቼ አውቃለሁ። እጄ ግን የተማረው ሌላ ቦታ ነው።

መልሼ በየድኳት። ጌሙን ከፈትኩ። ጨዋታው አለ፤ ቤቱ የለም።

ልብስ ሰፊው ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። «የተማረ ይግደለኝ ያለ ሰው እንዲህ ነው የሚሞተው።»

ለእህቴ አልነገርኳትም። ጨዋታው ራሱ አልጠፋም ነበርና ቀድቼ ኢሙሌተሩ ላይ አስኬድኩት። ግድግዳ ባቆምኩ ቁጥር በተቀመጠው ፋይል ውስጥ የትኛው ቁጥር እንደሚቀየር እያየሁ፣ ያንን ቁጥር የሚጽፍ ፕሮግራም ሠራሁ። ሠላሳ አንዱን ክፍል በትዝታ ደረደርኩ። ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ። የቀረውን ከራሴ ፈጠርኩ፤ መጨረሻው ላይ ጥሩ ሰፊ በር አደረግሁ። ያ በር ለእኔም መውጫ መስሎ ታይቶኝ ነበር፤ እሱ ቤቱን ይቀበላል፣ ይመጣል፣ እኔም ከወሩ መጨረሻ በፊት እሄዳለሁ።

ከመላኬ በፊት ላፕቶፑን አባባ ጭን ላይ አስቀመጥኩ። በግራ እጃቸው ቀስ እያሉ ተጫወቱ፤ ቁልፍ ሲስቱ ራሳቸውን እየሰደቡ። ሠላሳ አንዱን አለፉ። መጨረሻው ክፍል ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።

«ይህን በር እሱ አላበጀም።»

«ምናልባት ረስተውት ይሆናል።»

«ጎኔ ነው እንጂ የተያዘው ጭንቅላቴ አይደለም። ሲሠራው አጠገቡ ነበርኩ። የመጨረሻው ክፍል ይሄው ነው፣ ይሄ የተቀመጥንበት ሱቅ። ጠረጴዛው በዚህ፣ መደርደሪያው በዚህ። ዙሪያውን ግድግዳ።»

«በሩስ?»

«እኔም ጠይቄዋለሁ። ‹የት ሊያደርሰኝ ብዬ በር አበጃለሁ› አለኝ።»

 አባባ ላፕቶፑን በክርናቸው ወደ እኔ ገፉት። «ደህና ሠርተኸዋል» አሉ። ማመስገናቸው ይሁን መታዘባቸው አላወቅሁም።

በሩን ለመድፈን ከአንድ ደቂቃ በላይ አልወሰደብኝም። አንድ ቁጥር ነው፤ ቀየርኩት፣ ግድግዳ ሆነ። ጠረጴዛውንና መደርደሪያውን አባባ ባሉት ቦታ አደረግኳቸው። አሁን ወንድም ጋሼ ራሱ በቀላሉ የሚለየው አልመሰለኝም። ፋይሉን አያይዤ ጣቴ መላኪያው ላይ ሆኖ አየሁት፤ ትንሿ ሰው መሃል ላይ ቆማለች፣ ዙሪያዋ ዝግ ነው። ይህን ብልክለት አምኖ ሊመጣ ነው። መጥቶም እዚሁ ክፍል ውስጥ ሊገባ ነው፤ የሚያስገባውም እኔ የደፈንኩት ግድግዳ ነው።

ፋይሉን ከመልእክቱ አወጣሁት። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«ወንድም ጋሼ፣ ቤቱ ጠፍቷል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ሳልቀዳው ባትሪውን አወጣሁ። አስመስዬ ሌላ ሠርቼልህ ነበር፣ አልልከውም። የመጨረሻውን ክፍል አባባ ነገሩኝ። አሥራ አንድ ዓመት አንድ ቀን እንኳ እንዴት ነህ ብዬ አልጠየቅሁህም። እንዴት ነህ?»

ከሰዓት ላይ ላክሁት። ስልኬ ደርሷል አለኝ፤ ሳይመሽ አነበበው። ወሩ አለቀ፣ ትምህርት ቤቱ ሌላ ሰው ቀጠረ። ከዚያም ሁለት ወር ሆነ። ከእሱ አንድ ቃል አልመጣም።