ይተንፍስ ወይስ አይተንፍስ

«ገደሉት! አጎቴ ገደሉት!»

ጩኸቱ ከመምህሯ ጎረቤቴ ቤት ነው። የምቆርጠውን ጨርቅ ጥዬ፣ መቀሱን እንደያዝኩ ሮጥኩ። አጎቷ ጡረታ የወጡ መሬት ቀያሽ ናቸው፤ ቁመናቸውም ጠባያቸውም ቀጥ ያለ ስለሆነ ሰፈሩ «ሜትር» ይላቸዋል። ሰው ይገድላሉ ብዬ አላስብም፣ እግሬ ግን ሳይጠይቀኝ በረረ።

መምህሯ ወረቀት ታቅፋ በር ላይ ቆማለች።

«ማንን ነው የገደሉት?»

«ተራራዬን!»

መቀሱን ኪሴ ከተትኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስድስት ዓመት የለፋችበት ልብ ወለድ የትም ስለሌለ አገር ነው። እዚያ ተራራው ይተነፍሳል፤ ሰው ትንፋሹን አዳምጦ ይዘራል። ወንዙ ሲያኮርፍ ሽማግሌ ይላክበታል። ፈተና እርማት ሲይዛት የመጨረሻውን ረቂቅ ለአጎቷ ሰጠች፤ ፊደል ብቻ እንዲያዩላት። እሳቸው ግን የመሥሪያ ቤት ሪፖርት ሲያርሙበት የኖሩትን ቀይ እስክሪብቶ አወጡ። «ተራራው ተነፈሰ» የሚለውን «በተራራው ላይ ነፋስ ነፈሰ» አሉት። ያኮረፈውን ወንዝ «የውኃው መጠን ቀነሰ» አሉት። ከዚያ «ይታተም» ብለው ፈርመው ለማተሚያ ቤት ሰጡት።

ማተሚያ ቤቱ ከፈራሚው በቀር የማንንም ለውጥ አይቀበልም። ማሽኑ የሚነሳው ስድስት ሰዓት ነው። አሁን አምስት ተኩል።

ማተሚያ ቤቱ ስንደርስ ሜትር የመጀመሪያውን ገጽ ለማየት ቀድመውናል። አታሚው እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሰዓቱን አየ። «ዋናውም የታረመውም ቅጂ እኔ ጋ አለ። የፈረሙበትን ነው የማትመው። አስር ደቂቃ አላችሁ።»

«አጎቴ፣ በሞቴ ይመልሱልኝ!»

«ያልሆነ ነገር ላይ አልፈርምም። ስንቱን ተራራ ለክቻለሁ፤ አንድም ሲተነፍስ አላየሁም።»

እኔ ስምንተኛን ያልጨረስኩ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ግን ልብ ወለዱን እያነበበች ስታሰማኝ ስለኖረች አፌ አላስቀምጥ አለኝ። «ጋሼ፣ ዘጠነኛውን ምዕራፍ እንዳረሙት ያንብቡልን።»

አነበቡ። «ልጅቷ ጆሮዋን ድንጋዩ ላይ ለጠፈች። ምንም አልሰማችም። መንደሩ ሁሉ እልል... ይቅርታ፣ እሪ አለ።» ቆሙ። መነጽራቸውን አወለቁ። «ለምንድነው እሪ የሚሉት?»

«እኔም እሱን ልጠይቅዎ ነበር። ድንጋይ ዝም አለ ተብሎ ይለቀሳል?»

«ትንፋሹ ተቋርጦ ነዋ» አለች መምህሯ። «ከተወለደች ጀምሮ እሱን እየሰማች ነው እንቅልፍ የሚወስዳት።»

አታሚው ማብሪያውን ነካ። ማሽኑ ማጉረምረም ጀመረ። ሜትር ገጹን መልሰው አዩ፤ ደግመው አዩ። እኔ ራሴ ትንፋሼን ረስቼዋለሁ።

«በቀን ስንቴ ነው የሚተነፍሰው?» አሉ በመጨረሻ።

«አንዴ። ጠዋት ይስባል፣ ማታ ያወጣል።»

«እንግዲያማ ጠዋት ከፍ ይላል!»

ቀዩን እስክሪብቶ አወጡ። «እርማቴን ሰርዣለሁ። ይተንፍስ።» ብለው ጻፉ፤ ፈርመውም ወረቀቱን ለአታሚው ሰጡ። መምህሯ እዚያው ወንበር ላይ ዘፍ አለች። እሳቸው ግን ገና አልጨረሱም፤ ጣታቸውን ቀሰሩባት።

«ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ የተራራው ከፍታ አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ጠዋት ነው ማታ የተለካው?»

«ያን ቀን አልተነፈሰም፣ አጎቴ። ቀያሽ ሲመጣ አይቶ ነበር።»