የመጀመሪያው በረዶ ግብዣ

ልጄ ኢሽፋቅ እንግዶችን እየመራ አፋርዋት ተራራ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ በበረዶ ሸርተቴ አብሯቸው ይወርዳል። ዘንድሮ ግን የሚወረድበት በረዶ የለም። ቺላይ ካላን የምንለው የአርባ ቀን ብርድ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል፣ ከተራራው ሥር ጉልማርግ ሜዳ ላይ ግን ልጆች ክሪኬት ይጫወታሉ። በሌላ ዓመት በረዶው ሲከመር እንቅልፍ አልነበረኝም። ተራራው ተንዶ ልጄን የሚውጥብኝ ይመስለኝ ነበር። ዘንድሮ ሰማዩ ጠርቶ ይመሻል፣ ጠርቶ ይነጋል። እኔም እተኛለሁ። ስነቃ ግን መጀመሪያ የማየው ሰማዩን ነው።

ኢሽፋቅ “እንዲሁ ከቀጠለ ዓረብ አገር፣ ሙስካት እሄዳለሁ” ብሎናል። የአጎቱ ልጅ እዚያ መጋዘን ውስጥ ይሠራል፤ ለሱም ቦታ አግኝቶለታል። ከመንደራችን ወደዚያ የሄዱት ልጆች ለሠርግ ብቅ ይላሉ፣ ሠርጉ ሲያልቅ ይመለሳሉ። እናቶቻቸው ፊታቸውን የሚያዩት በስልክ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ስንነሳ የዶሮ ቤቱ ጣሪያ ነጣ ብሏል። ባለቤቴ ሰናውላህ ከሁላችን ቀድሞ አይቶታል። እኛ ዘንድ የመጀመሪያውን በረዶ አይቶ “ሺን ሙባረክ”፣ እንኳን ለበረዶው አደረሰህ፣ ብሎ የቀደመ ያሸንፋል። የተቀደመው ግብዣ ይደግሳል። ሰናውላህ በዚህ ጨዋታ ጎረቤቱን ሁሉ ሲያስደግስ የኖረ ሰው ነው። ዘንድሮ ግን ራዴክን አሰበ። ራዴክ ፖላንዳዊ ነው፤ በበረዶ ሊንሸራተት በየዓመቱ ወደ ልጄ ይመጣል፣ ቤታችን ገብቶ ይበላል፣ ጨዋታውንም አስተምረነዋል። ሰናውላህ የኢሽፋቅን ስልክ አንስቶ እየጮኸ ድምፁን ቀድቶ ላከለት።

“ሺን ሙባረክ፣ ራዴክ! በላሁህ!”

ከቀትር በፊት በረዶው ቀልጦ አለቀ። ማታ ምድጃው ዙሪያ ተቀምጠን ጨው ሻይ ስንጠጣ መልስ መጣ። ኢሽፋቅ አነበበልን።

“አባ ሰናውላህ፣ ተሸንፌያለሁ። ከጓደኞቼ ጋር መጥቼ የሥጋ ገንፎውን፣ ሀሪሳውን፣ አበላዎታለሁ። ነገ ቲኬት እንቆርጣለን። ተራራው ላይ ምን ያህል በረዶ አለ?”

ኢሽፋቅ ስልኩን መሬት አስቀመጠ። “አባ፣ ምን አሉት?”

“ሺን ሙባረክ ነዋ! ሌላ ምን እለዋለሁ? አልወረደም እንዴ?”

“ዶሮዎቹ እንኳን አላወቁም።”

“የመጀመሪያ በረዶ በሜትር ይለካል ያለህ ማነው? አባቴ በእፍኙ ይዞ ሮጦ በግ አሳርዷል።”

“ለራዴክ ግን ተራራው ነጭ ሆኗል ማለት ነው። ሥራው ተጀምሯል ማለት ነው።”

ሰናውላህ ካንግሪውን፣ የፍም ቅርጫቱን፣ ወደ ሆዱ አስጠጋ። “ይምጣ ታዲያ። እስኪደርስ ይወርዳል። ደመና እየመጣ ነው።”

“ማን አየው?”

“ጉልበቴ።”

“ጉልበትዎ ብርዱ ከገባ ጀምሮ ያወራል፣ አንድ ቀን እውነት አልተናገረም።”

ሰናውላህ ራሱ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ሳቁ ቆመና ሁላችንም ስልኩን አየን።

ልጄ እንዲዋሽ ፈለግሁ። እውነቱ ይኸው ነው። እንግዶቹ ቢመጡ ሙስካት ይቀራል፣ ቢያንስ ለዘንድሮ። “እስኪ ዛሬን እደርበት” አልኩት።

“ካደርኩበት ቲኬቱን ይቆርጣሉ፣ እማ።”

“ምናልባት ይወርድ ይሆናላ።”

“ቢወርድም አይሆንም።” ከስኳር ዕቃው በማንኪያ ዝቆ ሰሃን ላይ አፈሰሰው። “ላይ ያለችው ትንሽ በረዶ እንዲህ ሆናለች። አይያያዝም። ሥሩ ድንጋይ ነው። አዲስ ሲወርድበት ሰው አይሸከምም፣ እንዳለ ይንሸራተታል። እዚያ ላይ ልውሰዳቸው?”

ስንት ዓመት እንቅልፍ የነሳኝን ነገር በአንድ ማንኪያ ስኳር አሳየኝ። ባይወርድ ይሄዳል፤ ቢወርድ ተራራው ይወስደዋል። የምለምነው ነገር ጠፋኝ። ሻይ ልቅዳ ብዬ ተነሳሁ፣ ማንቆርቆሪያው ግን ባዶ ነበር።

ኢሽፋቅ ደወለ። የሚነጋገሩበትን ቋንቋ አላውቅም፤ “ኖ” የሚለው ብቻ ገባኝ፣ እሱንም ደጋግሞ አለው። በኋላ ራዴክ አባትህን አገናኘኝ አለው መሰለኝ፣ ሰናውላህ ስልኩን በሁለት እጁ ተቀበለ።

“ራዴክ፣ ልጄ፣ ግብዣው ይቅር። በረዶ ብዬ የጠራሁህ በረዶ አልነበረም” አለው በእኛ ቋንቋ።

ኢሽፋቅ ተረጎመለት፣ መልሱንም ለእኛ ነገረን። “ዘንድሮ ጓደኞቹን ይዞ ወደ ሌላ ተራራ ይሄዳል። ግን ተሸንፌያለሁ፣ ለሚቀጥለው ዓመት እደግሳለሁ ይላል።”

“ለሚቀጥለው ዓመት ማን ይቀበለዋል?” አለ ሰናውላህ። በነጋታው ኢሽፋቅ ለአጎቱ ልጅ ደወለ።

ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው “ነይ፣ እማ፣ ሥራዬን ላሳይሽ” ብሎ በገመድ ተንጠልጥሎ በሚወጣው መኪና ወደ ተራራው ወሰደኝ። ከዚያ በፊት ተሳፍሬበት አላውቅም። በደጉ ጊዜ ተራ አይገኝም ነበር፤ ያን ቀን ሰው ስላልነበረ ሠራተኛው ከኢሽፋቅ ጋር ተሳስሞ ዝም ብሎ አስገባን። ከታች እንግዶችን በእንጨት መንሸራተቻ የሚጎትቱት ሰዎች ደረቁ ሣር ላይ ተጋድመው ፀሐይ ይሞቃሉ።

ላይ ስንደርስ ነፋሱ ሻሼን ሊነጥቀኝ ደረሰ። ቡናማ ሣር፣ ድንጋይ፣ እዚህም እዚያም የቆሸሸ በረዶ። ኢሽፋቅ ጠርዙ ላይ ቆሞ እጁን ዘረጋ።

“ከዚህ ነው የምንነሳው። እዚያ ጋ ወደ ግራ እንታጠፋለን፣ ከዚያ ሰፊው ሜዳ ይመጣል። እዚያ ላይ ማንም ድምፅ አያሰማም። ራዴክ ብቻ ይጮሃል።” እጁ አየሩ ላይ እየተጠማዘዘ ወረደ። ፊቱ ፈካ ብሎ ነበር። እጁን እየተከተልኩ አየሁ፣ ደግሜም አየሁ። ድንጋይ ብቻ ነው የነበረው።

“አየሽው?”

“አየሁት” አልኩት።

“ከእንግዲህ አትጨነቂማ።”

“አልጨነቅም።”

ምንም አላየሁም። ልጄ ደስ ብሎት የኖረበትን ቦታ ሳላየው፣ ሻንጣውን አሰርኩለት።