አሥራ ስምንት ትንፋሽ

ትንፋሽ የሚቆጥር ሰው በክፍላችን አልነበረም። እኔም አልቆጥርም ነበር። ላ ሴይባ በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ያለው የሆስፒታላችን የሴቶች አጥንት ክፍል ሠላሳ ሁለት አልጋ አለው፤ ያን ወር የተመደብነው የነርስ ተማሪዎች ደግሞ እኔና ዊልሜር ብቻ ነን። የግፊት መለኪያው አንድ፣ ቴርሞሜትሩ አንድ። ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ አራት ሰዓትና ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ እያንዳንዷን በሽተኛ ለክተን፣ አልጋዋ እግር ላይ በተንጠለጠለው ወረቀት እንጽፋለን።

በሽተኛ መመርመር ያስተማሩን ሲስተር ቤኒግና ናቸው። "እዩ፣ ዳስሱ፣ አንኳኩ፣ አድምጡ" ይሉናል ቀኑን ሙሉ። ትንፋሽ ላይ ሲደርሱ ግን ይቆጣሉ። "በሽተኛዋ ትንፋሿን እንደምትቆጥሩ ካወቀች አተነፋፈሷን ትለውጣለች። እጇን ያዙ፣ የልብ ምት የምትቆጥሩ ይምሰላት፣ ዐይናችሁ ግን ደረቷ ላይ ይሁን። ሙሉ ደቂቃ! በአንድ ደቂቃ የሚያመልጣችሁ ምንድን ነው? ቁርስ?"

አዎ፣ ቁርስ ነበር የሚያመልጠን።

ዊልሜር ከእኔ በአንድ ዓመት ይቀድማል። ገና በመጀመሪያው ቀን ጠጋ አለኝ።

"ስሚ፣ ሙቀትና ግፊት ላይ አትዋሺ፤ ሐኪሙ ደግሞ ሊለካው ይችላል። ትንፋሽን ግን ማን ደግሞ ይቆጥራል? አሥራ ስምንት ብለሽ እለፊ።"

"ለሁሉም?"

"ለሁሉም። የምትወጃት ካለች ሃያ ስጫት።"

ሳቅን። ከዚያ ወዲያ ክፍሉ በሙሉ በደቂቃ አሥራ ስምንት ጊዜ ተነፈሰ፤ የዳነችውም፣ የባሰባትም።

አልጋ አሥራ አንድ ላይ፣ እመት እንደማለት ዶኛ የምንላቸው ኦሊምፒያ ተኝተዋል። ሳምቦ ክሪክ በሚባለው መንደር ባሕር ዳር የኮኮናት ዳቦ የሚሸጡ፣ ጋሪፉና ከሚባለው የጥቁር ሕዝብ የተወለዱ ሴት ናቸው። ከአውቶቡስ ሲወርዱ ወድቀው ጭናቸው ተሰብሮ፣ ለቀዶ ጥገናው የሚያስፈልገው ብረት እስኪመጣ ዘጠኝ ቀን በጀርባቸው ተኝተው ጠበቁ። ወሬያቸው ማለቂያ የለውም። ስለ ሟች ባላቸው ስንፍና ጀምረው፣ ስለ ዱቄት ዋጋ አውርተው፣ ተመልሰው ባልየውን ይሰድባሉ። እወዳቸው ነበር። ሆኖም ሃያ እንኳ አልሰጠኋቸውም።

ያን ሐሙስ በአራት ሰዓቱ ዙር ሄድኩ።

"እንዴት አደሩ ዶኛ ኦሊምፒያ?"

"እግዚአብሔር... ይመስገን" አሉና ቆም አሉ። "ዛሬ ወሬዬ... አልቆብኛል የኔ ልጅ።"

"የእርስዎ ወሬ? ባሕሩ ደረቀ ቢሉኝ ይሻላል!"

ፈገግ አሉ። ሙቀታቸው ደህና ነው፣ ግፊታቸው ትንሽ ወረድ ብሏል። ትንፋሽ፣ አሥራ ስምንት። ርቦኝ ስለነበር በኋላ እንዳልጉላላ ብዬ የስምንት ሰዓቱንም የትንፋሽ መስመር ለሠላሳ ሁለቱም ያኔውኑ ሞላሁት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አልነበረም።

ባሌያዳ፣ ባቄላ የተጠቀለለበትን ቂጣ፣ ልገዛ ስወጣ ልጃቸው ዙልማ በር ላይ ያዘችኝ። እናቷን በካርቶን ስታራግብ የከረመች፣ ዐይኗ እንቅልፍ ያጣ ሴት ናት።

"ሲስተር፣ እናቴ ትንፋሽ አጥሯታል። ሁለት ቃል ተናግራ ታርፋለች።"

ተመለስኩ። ግን ሴትዮዋን አላየሁም፤ ወረቀቱን አየሁ።

"አሥራ ስምንት ነው፣ ደህና ናቸው። ወበቁ ነው" አልኳት።

በገዛ እጄ የጻፍኩትን ውሸት አንብቤ አመንኩት። ስድስት ሰዓት ላይ ሐኪሙ መጣ፤ እሱም ወረቀቱን አይቶ አለፈ።

ለሰባት ሰዓት ሃያ ጉዳይ ሲል ዶኛ ኦሊምፒያ ሞቱ። ከተሰበረው እግራቸው የተነሳ የረጋ ደም ሳንባቸውን ዘግቶ ነው አለ ሐኪሙ። "እንዲህ ሲሆን አስቀድሞ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ እዚህ ወረቀት ላይ ግን ምንም አልፈጠነም" ብሎ ወረቀቱን ለሲስተር ቤኒግና ሰጣቸው። እሳቸው አነበቡት። ዙልማ ከእጃቸው ወሰደችው። በጣቷ መስመሩን ተከትላ መጨረሻው ላይ ቆመች።

"ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ትንፋሽ አሥራ ስምንት ይላል።" ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። "ገና ሰባት ሰዓት አልሞላም። ማን ነው የጻፈው?"

ዊልሜር ጫማውን ያያል። ሲስተር ቤኒግና የእጅ ጽሑፌን ያውቁታል፤ ግን እኔን ጠበቁ።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

ይመታኛል ያልኩት የዙልማ እጅ ወንበሯን ወደ እኔ ገፋው።

"ተቀመጪ። ስምንት ሰዓት እስኪሆን ቁጠሪ።"

ሲስተር ቤኒግናን አየኋቸው፤ እንዲያስጥሉኝ ነበር።

"ተቀመጪ" አሉኝ እሳቸውም።

እንደተማርኩት የዶኛ ኦሊምፒያን እጅ ያዝኩ፣ ዐይኔን ደረታቸው ላይ አደረግሁ። አንሶላው አልተነቃነቀም። ከጎናችን የተኙት ሴቶች ወሬ አቆሙ። ዙልማ ከልማድ ይሁን ከሌላ አላውቅም፣ በካርቶኑ ታራግብላቸው ነበር። እጃቸው በእጄ ውስጥ እየቀዘቀዘ ሄደ። አለቀስኩ፤ ማንም ዝም በይ አላለኝም፣ ማንም አይዞሽ አላለኝም።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ሲስተር ቤኒግና ወረቀቱንና እስክሪብቶውን አቀበሉኝ። አሥራ ስምንቱን ሰርዤ ዜሮ ጻፍኩና ስሜን ፈረምኩበት። ተማሪ ከሆንኩ ጀምሮ ቆጥሬ የጻፍኩት የመጀመሪያው ትንፋሽ እሱ ነበር።