በአበባ መሸጫው ቤት የተከፈተው ክሊኒክ

ዶክተር ማርሊስ ሄግ የትልቁን ሆስፒታል ሥራዋን የለቀቀችው በአርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እኔም ነርሷ ነበርኩና አብሬያት ወጣሁ። እዚያ ለአንድ በሽተኛ የተፈቀደላት አሥራ ሁለት ደቂቃ ብቻ ነበር፤ የዚያኑም ግማሽ ፊቷን ወደ ኮምፒዩተሩ አዙራ የጤና ኢንሹራንስ ቅጽ ስትሞላ ታሳልፈዋለች። አንድ ቀን አንዲት ሴት እያለቀሰች ችግሯን ስትነግራት ሰዓቱ አለቀና የሚቀጥለው በሽተኛ ተጠራ። ማርሊስ በማግስቱ መልቀቂያዋን አስገባች።

እዚሁ ኔብራስካ ግዛት፣ በከተማችን በብሬከን፣ የተዘጋ አበባ መሸጫ ተከራየንና ግድግዳውን ራሳችን ቀባነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሰው አባል ይሆናል፣ በየወሩ ትንሽ መዋጮ ይከፍላል፣ ሲያመው ይመጣል ወይም ይደውላል፤ ኢንሹራንስ የሚባል ነገር መሃል አይገባም። ቀዶ ሕክምና ለሚያስፈልገው ሆስፒታሉ እንዳለ ነው።

በሦስት ሳምንት የተመዘገቡት አሥራ አንድ ሰዎች ነበሩ፤ አንዷ እናቴ ናት። ቀኑን ሙሉ በመስኮት ወደ ውጭ ስናይ እንውላለን።

"ተሞኝተን ይሆን እንዴ?" አልኳት።

"ገና ነው ጆሌን። ሰው ያልለመደውን ቶሎ አይደፍርም" አለችኝ። ጥፍሯን ስትበላ ግን አይቻታለሁ።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ቨርሊን ስታድለር ገባ። የሰባ ስምንት ዓመት የበቆሎ ገበሬ ነው፤ ከማርሊስ አባት ጋር አብሮ አደግ ነበሩ። ኮፍያውን ሳያወልቅ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ።

"ለመታከም አይደለም የመጣሁት" አላት ማርሊስን። "አብደሽ እንደሆነ ልይሽ ብዬ ነው። ሳይታመሙ ለሐኪም መክፈል የት አገር ታይቷል?"

"እስካሁን አሥራ አንድ ሰው አብዷል፣ ጋሽ ቨርሊን። ይጫወቱ እስቲ።"

"አባትሽ ቢኖር በኩርኩም ነበር የሚልሽ።"

"እሱስ አይቀርልኝም ነበር።"

ተጫወተ። ስለ ዝናቡ፣ ስለተበላሸው ትራክተር፣ ስለ ሚስቱ ስለ ኦፓል ንዝንዝ። ማንም አላቋረጠውም። አርባ ደቂቃ ያህል ካወራ በኋላ፣ እንደ ቀልድ፣ ጎተራው ደጃፍ ላይ ሁለቴ መውደቁን ጣል አደረገ።

"መሬቱ አዳልጦኝ ነው" አለ። ሊሄድ ብድግ ሲል ግን የበሩን መቃን ጨበጠና ዓይኑን ጨፈነ።

"እስቲ እዚህ ጋደም ይበሉልኝ" አለችው ማርሊስ።

"አልታመምኩም አልኩሽ እኮ!"

"ሰምቻለሁ። ለአባቴ ሲሉ ይተኙልኝ።"

አስተኝታም፣ አስነሥታም ደም ግፊቱን ለካችው። ሲቆም ግፊቱ ቁልቁል ወረደ። ወዲያው ኦፓል ጋ ደውላ ባሏ የሚውጣቸውን መድኃኒቶች በሙሉ እንድታመጣ ለመነቻት። ኦፓል በዳቦ ፌስታል ሞልታ መጣች። ማርሊስ ጠረጴዛው ላይ ደርድራ አንድ በአንድ አነበበች። ሁለት ብልቃጦች ላይ የተጻፈው ስም ይለያይ እንጂ መድኃኒቱ ያው አንድ የግፊት መድኃኒት ነው፤ እጥፍ ሲውጥ ከርሟል። አንዱን ያዘዘው የልብ ሐኪሙ ነው፤ ሌላውን ደግሞ ሌላ ከተማ ሄዶ የታየበት ሐኪም። ማርሊስ እዚያው የልብ ሐኪሙ ጋ ደወለች፤ ተመካከሩና አንደኛው ቀረ።

"ስድስት ወር ሙሉ 'ጃጅተሃል' እያልኩ ስሰድበው!" አለች ኦፓል። ወደ እኔ ዞረችና "ቅጹን ወዲህ በይው" አለች። "የኔን ስም አስቀድሚ።"

"እኔ ለሷ ብዬ ነው" ብሎ አጉረመረመ ቨርሊን፣ እየፈረመ።

ከዚያ ወዲህ አልወደቀም። እህል ለመሸጥ በሄደ ቁጥር የሰማውንም ያልሰማውንም ሰው እያስቆመ ታሪኩን ሲያወራ፣ በረዶው ሳይጀምር አባሎቻችን ከሁለት መቶ አለፉ።

በኅዳር ወር አንድ ቀን ቨርሊን መጥቶ፣ እኔ እስከሰማሁት ድረስ ስለ በቆሎው ምርት ብቻ ሲያወራ ቆይቶ ወጣ።

"ምንም አላመመውም እኮ" አልኳት።

"አሞታል" አለች ማርሊስ። "ወንድሙ ከሞተ ጀምሮ ወንበር ላይ ነው የሚያድረው፤ አልጋው ላይ እንቅልፍ እምቢ ብሎታል። የነገረኝ መጨረሻ ላይ ነው፣ ጃኬቱን ሲቆልፍ።"

በየማክሰኞው ከሰዓት በኋላ ከቨርሊን ሌላ ለማንም ቀጠሮ እንዳልይዝባት ነገረችኝ።