ያልተኛው ጣት

ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነው። ቤቱ ሄዶ ምሳ በልቶ ጋደም ባለ ቁጥር፣ በተዘጋው ሱቁ ውስጥ የተሰፋ እጅጌ ተቆርጦ ይገኛል። ሃያ ዓመት አብራው የሰፋችውን ሴት "አንቺ ነሽ!" ብሎ ሊያባርራት ተነሣ።

"የቁልፉ ቅጂ በየሰዉ ኪስ ሞልቶ ሰው ትወነጅላለህ? አታፍርም?" ብዬ ጮኽኩበትና በጣት አሻራ የሚከፈት ዲጂታል ቁልፍ አስገጠምኩ። ማን መቼ እንደገባ ይመዘግባል።

በማግስቱም እጅጌ ተቆረጠ። መዝገቡን በስልኬ አየን፤ ሰባት ሰዓት ከሩብ፣ የወንድሜ አውራ ጣት።

"ተኝቼ ነበር እኮ!" አለ።

"ጣትህ ግን አልተኛም" አልኩት።

አሻራውን ከቁልፉ አጠፋነው። ሴትዮዋ ሥራዋ ላይ ቀረች፤ እጅጌም አይቆረጥም። በየቀኑ ሰባት ሰዓት ከሩብ ሲሆን ግን ወንድሜ ዓይኑን እንደጨፈነ፣ መቀሱን ይዞ ይመጣና አውራ ጣቱን በሩ ላይ ይጫናል። አሁን በምሳ ሰዓትም ከውስጥ የምትሰፋው ሴትዮ ስፌቷን አታቋርጥም። ቁልፉ አይከፍትለትም።