ወጥ ሲሠራ የሚዘፈነው

የሺመቤት አንጎራጎረች። ባሏ በተቀበረ በማግሥቱ፣ ድንኳኑ ሰው ጢም ብሎበት፣ ጎረቤት እዝን ይዞ ሲገባ ሲወጣ፣ ነጠላዋን ተከናንባ እንደተቀመጠች ሳታስበው አንጎራጎረች። ያውም የጣልያን ዘፈን! ጉድ እኮ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ደንግጣ ብታቆምም አጠገቧ የተቀመጡት ሙሾ አውራጇ እማማ ወለተ ኪዳን ሰምተዋል።

እማማ ወለተ ኪዳን ደግሞ ዜማ አያመልጣቸውም።

‹‹አዬ ልጄን! አንጀቷ ነው የሚያዜመው›› አሉና ተቀብለው ቃል አለበሱት፦

‹‹የተበጠሰ ክር ሲቀጥል ነበረ፣
ምነው የራሱ ክር ተበጥሶ ቀረ።››

ድንኳኑ በለቅሶ ተናወጠ። ሴቱ ደረቱን ደቃ። ያ ሁሉ ሰው የሚያለቅሰው ቴሌቪዥን ላይ አንድ ፈረንጅ ሽንኩርት ሲከትፍ ከኋላው በሚዘፈን ዘፈን መሆኑን ከየሺመቤት በቀር የሚያውቅ የለም። ‹‹አፈር በበላሁ!›› አለች በልቧ።

‹‹ይህ የየት አገር ዜማ ነው?›› አሉ ከይፋግ የመጡት የሟቹ ታላቅ እህት፣ ወይዘሮ አገርነሽ። ‹‹እኔስ እንዲህ ያለ ሰምቼ አላውቅም።››

የሺመቤት ያልሰማች መስላ አቀረቀረች።

ባሏ ክንዱ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ነበር፤ ድምፁ ጎርናና፣ ትከሻው ሰፊ። ቴሌቪዥን የገዛ ጊዜ ሰፈሩ በሙሉ ዜና ሊያይ ይጎርፍ ነበር። እሱ ግን የሚጠብቀው ማክሰኞ ማታ የሚታየውን የወጥ አሠራር ነው፤ ወጡ አይደለም ጉዳዩ፣ ዘፈኑ ነው። ገና ሲጀምር ዓይኑን ይጨፍናል።

‹‹የሺ፣ ስሚው እስቲ! ሽንኩርቱ ሳይቀር ደስ ብሎት እኮ ነው የሚቁላላው።››

ትስቃለች። እውነቱን ለመናገር እሷም ወዳው ነበር። በር ሲንኳኳ ግን ብድግ ብላ ቴሌቪዥኑን ትዘጋዋለች። ‹‹ወንዱ ልጅ ቁጭ ብሎ ወጥ አሠራር ያያል ይበሉኝ?›› እሱም ‹‹እሺ›› ይላል። ክንዱ በዚህ አይጣላም።

የከፋው ግን ሕመሙ የጠናበት ሰሞን ነው። ወይዘሮ አገርነሽ ሊጠይቁት መጥተው ከግርጌው ተቀምጠዋል። የሺመቤትን በእጁ ጠራትና ‹‹ማክሰኞ አይደለም ዛሬ? ክፈችልኝ እስቲ›› አላት በቀጭን ድምፅ። እህቱን አየች። በጆሮው ተጠግታ ‹‹መብራት የለም›› አለችው። አምፖሉ ከራሱ በላይ ቦግ ብሎ በርቷል። አምፖሉን አየው፤ ቀጥሎ እሷን አያት። ‹‹እሺ›› አለ። ሌላ ማክሰኞ አልደረሰለትም።

በሰልስቱ ከመራዊ የመጡ ዘመዶች እየጮኹ ገቡ። ለቅሶው በረድ ሲል እማማ ወለተ ኪዳን ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። ‹‹በይ እንጂ ልጄ፣ ያንን ዜማ አንሽልን፤ እንግዶቹም ይስሙት።››

‹‹የእናትሽ አገር ዜማ ነው ይላሉ፤ እውነት ነው?›› አሉ ወይዘሮ አገርነሽ።

ራስዋን ነቅነቅ ብታደርግ ነገሩ ያልቅ ነበር። እነሆ ውሸቱን ራሳቸው አዘጋጅተው ሰጧት! የሺመቤት አፏን ከፈተች፤ አምፖሉን ያየበት ዓይኑ መጣባት።

‹‹አይደለም፣ እትዬ›› አለች። ‹‹የጣልያን ነው። ቴሌቪዥን ላይ ወጥ ሲሠራ የሚዘፈን። ክንዱ ነው የሚወደው። ሰው ሲመጣ እዘጋበት ነበር። እርስዎ የመጡ ዕለት እንኳ ክፈችልኝ ብሎኝ መብራት የለም አልሁት። አፍሬበት ነው።››

ከሴቶቹ መሐል አንዷ ሳቋን በነጠላዋ ስታፍን ተሰማ። የሺመቤት ፊቷ ነደደ፤ አፏን በመዳፏ ግጥም አድርጋ ያዘች።

‹‹ወጥ ሲሠራ?›› አሉ ወይዘሮ አገርነሽ።

ራስዋን በአዎንታ ነቀነቀች።

‹‹ወንድሜ?››

ነቀነቀች።

‹‹ደስ ይለው ነበር?››

‹‹በጣም›› አለች ከመዳፏ ሥር፤ እንባዋ በጣቶቿ መሐል ወረደ።

ወይዘሮ አገርነሽ ወንበራቸውን ትተው ከጎኗ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ሳቅ ወደተሰማበት አንድ ጊዜ ገላመጡ። ከዚያ የየሺመቤትን እጅ ከአፏ ላይ አንስተው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።